ጾማችን ገበያ ሲወጣ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው፤ ረቡዕ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሁለት ወጣት ሴቶች ገቡና ፊት ለፊቴ ያለውን ጠረጴዛ ያዙ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ላይ አደረጉ። አስተናጋጁ ገና ወንበር ሳይስቡ ጠየቃቸው፤ «የጾም ነው የፍስክ?»

«የጾም» አሉ እኩል።

የጾም ማኪያቶና የጾም ኬክ መጣላቸው። ኬኩ ላይ ነጭ ክሬም አለ። አንደኛዋ ማንኪያውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችውና አስተናጋጁን ጠራችው። «ክሬሙ ወተት የለውም አይደል?» «የለውም እህቴ፣ አታስቢ፣ ሙሉ ለሙሉ የጾም ነው።» አማተበችና በላች።

ስለ ወተቱ ሁለት ጊዜ ተጠየቀ። ስለ ሰዓቱ አንዴም አልተነሳም። በዚያ ሰዓት አቅራቢያው ባለው ደብር ቅዳሴ ገና አልተገባም። እኔም ፊቴ ያለው ያው ኬክ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ልጆቹን ልውቀስ ብዬ አይደለም። ያን ቀን ልብ ያልኩት ነገር ስላለ ነው። ከተማችን ውስጥ ጾም አልጠፋም። እንዲያውም እንደ ዛሬ በየሜኑው፣ በየመስታወቱና በየማሸጊያው ተጽፎ የታየበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ግን ቦታ ለውጧል። ድሮ የሚጠየቀው ሰውየው ነበር፤ «ጾመኛ ነህ?» ይባላል። አሁን የሚጠየቀው ምግቡ ነው፤ «የጾም ነው?»

ሃይማኖት ከዘመኑ የገበያ ኑሮ ጋር እንዴት ይግባባል የሚለውን ትልቅ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያየው በስታዲየም ስብከትና በቴሌቪዥን ነቢያት በኩል ነው። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ይህች የረቡዕ ኬክ ብዙ የምታስረዳ ይመስለኛል። ጸጥ ብላ ነዋ የገባችው። ማንም አልተቃወማትም፤ ማንም በጉባኤ አልወሰናትም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጾምን ያቆመችው በሦስት ጉልቻ ነው። አንዱ የምግቡ ዓይነት ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም። በዐቢይ ጾም የሰንበት ቀኖች ሲቀሩ ሰዓቱ ከዚያም ሊዘልቅ ይችላል። በጾም ቀን ቅዳሴው ቀትር ላይ ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የሚወጣው ለዚሁ ነው። ሦስተኛው ምጽዋት ነው። «ጾም፣ ጸሎት፣ ምጽዋት» ሲባል ልጅ ሆነን የሰማነው ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ ነው። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም የሚጀምረው ከምግቡ ዓይነት አይደለም። ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ ነው ይላል። ምክንያቱንም ያስከትላል፤ ሥጋ ለነፍስ እንድትታዘዝ።

ጾሙ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም 40 ቀን ያልፋል። ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3። የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው መዋል ይረዝማል፣ ያጥራል። የልደትና የጥምቀት ዋዜማ ጾም፣ ገሃድ፣ አለ። በዓለ ሃምሳ ሲቀር ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁሉንም የሚጾም ሰው በዓመት ወደ 200 ቀን ይጾማል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ የገበያው ነገር ሁሉ ከእሱ ነው የሚነሳው።

እናቴ ቤት ጾም የሚገባው በዕቃ ነበር። ቅበላው እንዳለቀ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ በአመድ ይፈተጋል። ቅቤ የነካ ዕቃ ወደ ጓዳ ይገባል። የቅቤው ቅል ይከደንና ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀላል፤ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ማንም አይነካውም። በማግሥቱ ቤቱ ሌላ ሽታ ይሸታል። ተልባ ይቆላል። ሱፍ ይወቀጣል፣ ይጠለላል። ስልጆው ተቦክቶ ሰናፍጩ ከሩቅ አፍንጫ ይይዛል። እኛ ልጆቹ «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ቆዩ፣ መልአኩ ይጽፍላችኋል» እየተባልን እንባበላለን። እናቴ ራሷ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቡና እንኳን አትቀምስም። ስታፈላ ግን ታፈላ ነበር፤ ለእንግዳ።

እዚያ ቤት ውስጥ «የጾም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ነገር አልነበረም። አያስፈልግም ነበር። ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ሰፈሩም እንደዚያው።

አሁን ወደ ካፌው እንመለስ። ራሳችሁን በባለቤቱ ቦታ አድርጉ። የምትሸጡት ማኪያቶ፣ ኬክ፣ በርገር ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሥጋ የሌለበት ዕቃ የላችሁም ማለት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 75 በመቶ የሚጠጋው ኦርቶዶክስ ነው። ሁሉም አይጾምም፤ የሚጾመው ግን ቀላል ቁጥር አይደለም። እንግዲህ በዓመት 200 ቀን ያህል ከደንበኛችሁ ብዙው ቤታችሁን አይረግጥም። የቤት ኪራዩ ግን አይጾምም። የሠራተኛው ደመወዝም እንደዚያው። ምን ታደርጋላችሁ? ወይ እንደ ሥጋ ቤቱ ትዘጋላችሁ፣ ወይ ወተቱን በአኩሪ አተርና በኦቾሎኒ ወተት ትተካላችሁ።

ካፌዎቹ ተኩ። በሂደት የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ክትፎ፣ የጾም አይስክሬም መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። ገበያው ጾምን ሊያጠፋ አልመጣም። ጾሙ ጠንካራ ስለነበረ ገበያውን አስጎነበሰው። ይህ ኃይል ዛሬም አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ቄራ ይቀዘቅዛል። በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ ወተት አቅራቢዎች ጭንቅ ውስጥ ይገባሉ። ላም ጾም አታውቅም፤ ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ወተቱ ገዢ ሲያጣ ወደ ቅቤና አይብ ይለወጣል፣ ለፋሲካ ይቀመጣል። በተቃራኒው የዓሣና የዘይት ገበያ ይሞቃል። ይህን ያህል ኢኮኖሚውን በየዓመቱ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ተሸንፏል ማለት አይቻልም።

ግን ገበያ ባዶ እጁን አያጎነብስም። ከሦስቱ ጉልቻዎች የሚሸጠውን መረጠ። የምግብ ዓይነት ይሸጣል። ታሽጎ፣ ስም ወጥቶለት፣ ዋጋ ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰዓት ግን አይሸጥም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለመብላትን ማን አሽጎ ይሸጥልሃል? እንዲያውም የጠዋቱን ሽያጭ ያሳጣል። ምጽዋትም አይሸጥም፤ ከደንበኛው ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንዱ ጉልቻ በኒዮን መብራት ደመቀ፣ ሁለቱ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። ማንም አልገፋቸውም። የሚያስተዋውቃቸው ስለሌለ ብቻ ነው።

የከተማው የሥራ ሰዓትም ረድቶታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። እስከ ዘጠኝ የሚጾም ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ጓደኞቹ ሲበሉ ይቀመጣል፤ ዘጠኝ ሲሆን ወረፋ የያዘ ባለጉዳይ ፊቱ አለ። ወይ እስከ ማታ ይጠብቃል፣ ወይ ሰዓቱን ይተዋል። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ያዘ። የሚገርመው የሥራ ሰዓት ለሃይማኖት ቦታ መልቀቅ የማይችል ነገር አለመሆኑ ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ሙስሊሙ ጁምዓውን እንዲሰግድ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ያደረገው። የዘጠኝ ሰዓቱን ጉዳይ ግን ያነሳለት ያለ አይመስልም። ምናልባት ጾመኛው ራሱ ሰዓቱን ከልቡ ስላወጣው ይሆናል።

ስያሜው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ዓርብ ማታ አንድ ግሮሰሪ መግባት ይበቃል። ቢራ የገብስ ነው። ወተት የለውም፣ ሥጋ የለውም። እንግዲህ የጾም ነው። ይህን በቀልድ ሳይሆን በቁም ነገር ሲናገሩ የሰማኋቸው ሰዎች አሉ። በጾም ቀን ስድስት ጠርሙስ ጠጥቶ «አልገደፍኩም» የሚል ሰው በመለያው ሒሳብ ትክክል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የጮኸው ደግሞ በትክክል ለዚህ ነው። በጾማችሁ ቀን የልባችሁን ፈቃድ ትፈጽማላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ ይላል። ስለ ምግቡ ዓይነት አንድ ቃል አልተናገረም።

ወጣቶቹ ግን ግድ የለሾች አይደሉም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብስኩት ሲገዙ ማሸጊያውን ገልብጠው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የሚያነቡ አሉ። «የወተት ዱቄት» የሚል ቃል ካገኙ ይመልሱታል። በቴሌግራም «ይህ ቸኮሌት የጾም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ፎቶ አንስቶ የሚያስረዳ አለ። ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። የእናቴ አመድና ፍትጊያ በሌላ መልክ ቀጥሏል ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነኝ ጥንቃቄው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መከማቸቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የምጽዋቱ ነገር ነው። «ሄርማስ ኖላዊ» የሚባል በጣም ጥንታዊ የክርስቲያኖች መጽሐፍ አለ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ በግሪክኛ የተጻፈ ነው። ወደ ግእዝም ተተርጉሟል፤ አባቶቻችን ያነቡት ነበር። እዚያ ውስጥ ስለ ጾም አንድ ቀጥተኛ መመሪያ አለ። በጾምህ ቀን ከእንጀራና ከውኃ በቀር አትቅመስ። ከዚያ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ። ያን ገንዘብ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ።

ይህ ሒሳብ ነው። ጾም ከፍስክ ሲቀነስ የሚተርፈው የድሃው ነው። የድሮው ጾም ምግብ በተፈጥሮው ለዚህ የተመቸ ነበር። ሹሮ ከዶሮ ወጥ ይረክሳል። ተልባ ከቅቤ ይረክሳል። የጾመ ሰው ሳያስበው ይተርፈዋል።

አንድ ዓርብ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሒሳብ ሲመጣ ወረቀቱን ተመለከትኩት። የጾም በርገሩ ከሥጋው በርገር በለጠ። አስተናጋጇን ጠየቅኳት። «ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የአኩሪ አተሩ ሥጋ፣ የአጃው ወተት፣ የእፅዋት ክሬሙ አብዛኛው በዶላር ይገዛል። ሒሳቡ ተገለበጠ ማለት ነው። ጾም ከፍስክ በለጠ። የሚተርፍ የለም፤ እንዲያውም ይጨመርበታል። ያን ማታ ደጁ ላይ ልጅ ያዘለች እናት ቆማ ነበር። ከመካከላችን ዝርዝር ያለው አልነበረም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገበያ ነው። ሌላ ግፊትም አለ፤ የሌላው እምነትና አስተሳሰብ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከአገሪቱ ሕዝብ 10 በመቶ ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከ18 በመቶ በላይ ሆነ። ኦርቶዶክሱ ከ50 በመቶ በላይ ከነበረበት ወደ 43.5 ወረደ። ሙስሊሙ 34 በመቶ አካባቢ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው የዕለት ኑሮ ነው። ዛሬ አንድ ቢሮ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠችው ልጅ ጴንጤ ናት። እሷም ትጾማለች። ግን ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ቆይታ ስትጨርስ እንቁላል ፍርፍር ትበላለች። «ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም ተብሎ የለ?» ትልሃለች። ምን ትመልሳለህ? «አባቶቻችን ያቆዩት ነው» የሚለው መልስ ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ በነበረበት ጊዜ ይበቃ ነበር። አሁን አይበቃም።

በዚህ ምክንያት አንድ ደግ ነገር ተፈጠረ። ኦርቶዶክሱ ወጣት ለምን እንደሚጾም መጠየቅና ማንበብ ጀመረ። ማኅበረ ቅዱሳንና ሰንበት ትምህርት ቤቶች በዚህ ብዙ ሠርተዋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የሃይማኖት ተቋማት የብሮድካስት ፈቃድ እንዲያገኙ በሩን ከፈተ፤ ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ ሕግ አይፈቀድም ነበር። ዩቲዩቡና ቴሌግራሙማ ቀድሞም ሞልቷል። የእናቴ ትውልድ ስለ ጾም ያልሰማውን ትምህርት ያህል የዛሬው ልጅ ታክሲ ውስጥ በስልኩ ይሰማል።

ግን ደግሞ ሌላ ነገርም መጣ። ጾም የተወረሰ ሳይሆን የተመረጠ ሲሆን መታወቂያ ይሆናል። «እኔ ጾመኛ ነኝ» ማለት «እኔ ከእነዚህ ወገን ነኝ» ማለት ይሆናል። መታወቂያ ደግሞ መታየት ይፈልጋል። ገበያውም የሚታይ ነገር መሸጥ ይወዳል። ሁለቱ የተገናኙት እዚህ ነው። የጾም ኬክ ፎቶ ይነሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልተበላ ምሳ ፎቶ የለውም።

ከሙስሊሙ ጎረቤታችን ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ የበለጠ ይገባል። የረመዳን የጀርባ አጥንት ሰዓቱ ነው። ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አይበላም አይጠጣም፤ አለቀ። ፀሐይን የሚተካ የአኩሪ አተር ወተት የለም። ስለዚህ ገበያው በዚያ በር መግባት አልቻለም። በማፍጠሪያው በር ገባ። ሆቴሎች የኢፍጣር ቡፌ ያስተዋውቃሉ። ካይሮ ውስጥ ረመዳን የዓመቱ ትልቁ የቴሌቪዥን ድራማ ወቅት ነው። በብዙ አገር ሰው በጾሙ ወር ከሌላው ወር የበለጠ ምግብ ይገዛል። የሙስሊም ዓሊሞችም ስለዚህ ብክነት አጥብቀው ይናገራሉ። የእኛም የእነሱም ፈተና አንድ ነው፤ የገባበት በር ነው የተለያየው። መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ማታ ላይ ስታልፉ ግን ሌላም ታያላችሁ። አዛን ሲል ሳምቡሳና ተምር ለማያውቁት መንገደኛ የሚዘረጉ እጆች አሉ። እዚያ ሰዓቱና ምጽዋቱ ገና አልተለያዩም።

ከሃይማኖት ውጭ ያለው አስተሳሰብ ደግሞ በጤና በኩል ይመጣል። ጂም የሚሄደው ወጣት 16 ሰዓት ሳይበላ ይቆያል፤ ለክብደቱ ነው። ዶክተሩ ቅባት ቀንስ ይላል። ሰባኪዎቻችንም ይህን አገኙና ደስ አላቸው። «ሳይንስም አረጋገጠው፣ ጾም ለጤና ጥሩ ነው» የሚለው አባባል አሁን በየዓውደ ምሕረቱ ይሰማል። ሐሳቡን እረዳዋለሁ፤ ልጁ እንዲሰማ በሚገባው ቋንቋ መናገር ነው። ግን አደጋ አለው። ምክንያቱን ከሌላው የተዋስክ ቀን ውሳኔውንም አብረህ ሰጥተሃል። ነገ ሐኪሙ «ቁርስ ብላ» ካለ ጾሙ በምን ይቆማል? የጨጓራ ሕመምተኛ የሆነች አክስቴ ለነፍስ አባቷ ነግራ እስከ ስድስት ሰዓት ትጾማለች። ለጤናዋ ብላ አይደለም የምትጾመው። ሕመሟን ታግሣ ነው፤ በልኩ፣ በፈቃድ።

ዋሽንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ያው የእኛ በያይነቱ «ቬጂ ኮምቦ» ተብሎ ይቀርባል። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን። ቪጋኖች ይወዱታል። ረቡዕና ዓርብ ለሺህ ዓመታት ያደከመን ምግብ ውጭ አገር እንጀራ ሆነን፤ ብዙ ስደተኛ ቤተሰብ በእሱ ልጅ አሳድጓል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ሳህኑ አንድ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቪጋኑ ሥጋን የሚተወው ሥጋ መብላት ጥፋት ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ለዘለዓለም ይተወዋል። እኛ የምንተወው መልካም ስለሆነ ነው። መጥፎ ነገርን መተው ምን ጾም ይባላል? ቅቤው ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ስለምንናፍቀው ነው፤ የትንሣኤ ሌሊት ዶሮው የሚጣፍጠውም ለዚሁ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋንግራ በምትባል የትንሿ እስያ ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ይህ ልዩነት ገብቷቸው ነበር። በሥርዓት ሥጋ የሚበላን ክርስቲያን የሚኮንነውን ሰው አወገዙ። ጾም ምግቡን መጥላት እንዳይመስል ፈርተው ነው።

አሜሪካ የተወለደው ልጅ ይህን ልዩነት ካላወቀ ከእናቱ ጾም ይልቅ የክፍል ጓደኛው ቪጋንነት ይበልጥ ይገባዋል። የጓደኛው ምክንያት በየቪዲዮው ይነገራል። የእናቱ ምክንያት «ዝም ብለህ ጹም» ከሆነ ቀረ።

የአጎቴ ልጅ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ጾም ሲገባ ስደውልላት እዚያ ቤት «የጾም» የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። አሠሪዎቿ ደጎች ናቸው፤ ረመዳንን ይጾማሉ፤ የእሷን ግን አያውቁትም። «ምን ትበያለሽ?» አልኳት። «ሩዝ በቲማቲም። ሽንኩርት ካለ ሽንኩርት።» «ሰዓቱስ?» አልኳት። ሳቀች። «እሱማ ቀላሉ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቼ መቀመጫ አለኝና! ሥራ ላይ ሆኜ አልፈዋለሁ። ዘጠኝ ሲሆን ኩሽና ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ከዚያ እቀምሳለሁ።» ደመወዟ ሲገባ ከላይ ቆንጥራ ለእናቷ ትልካለች፤ «ለሰፈሩ ነዳያን ዳቦ ግዢበት» እያለች። ሦስቱም ጉልቻ እሷ ጋ አለ። የጾም ማኪያቶ የላትም።

ይህን ሳስብ የጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ትዝ ይለኛል። ምኩራብ ይባላል። የዕለቱ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ነው፤ ጌታ ገመድ ጅራፍ አድርጎ ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት። ቅዱስ ያሬድ የዚያን ሰንበት ዜማ ሲሠራ ከመሥዋዕት ይልቅ ምሕረትን እወዳለሁ የሚለውን ቃል አስገባበት። ቤተ ክርስቲያን በጾሙ መካከል ይህን ታሪክ ማስቀመጧ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሻጮቹ የሚሸጡት ክፉ ዕቃ አልነበረም። በሬው፣ በጉ፣ ርግቡ ለመሥዋዕት ነው። ገንዘብ ለዋጩም ከሩቅ የመጣውን ምእመን ያገለግል ነበር። ሁሉም ለአምልኮ «የሚሆን» ነገር ነው፤ መለያው ትክክል ነው። ችግሩ ቦታው መሙላቱ ነበር። የሚጸልይበት ቦታ በሚሸጥበት ተሞላ።

ስለዚህ የጾም ኬክ ይታገድ የሚል ሐሳብ የለኝም። ታማሚ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ መንገደኛ አለ። ከእናቱ ርቆ የሚኖር ተማሪም የጾም ምግብ አግኝቶ ሲበላ ደስ ይለኛል። ካፌው የቻለውን አደረገ። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ሰዓቱን የሚያስተምር፣ ሒሳቡን የሚያሰላ ማን ነው? ስብከቶቻችን ውስጥ «ምን ይበላል፣ ምን አይበላም» የሚለው ክርክር ብዙ ቦታ ይወስዳል። ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ስንት ዓመት ተከራከርን። የጾሙ ትርፍ ለማን ይሂድ የሚለውን ግን በዚያው ልክ ስንከራከር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ለአባላቱ በየዓርቡ ያልበሉትን ቁርስ ዋጋ የሚጥሉበት አንድ ሣጥን ቢያዘጋጅ ምን ይከብዳል? አንድ መሥሪያ ቤት በዐቢይ ጾም የሚፈልጉ ሠራተኞቹን የምሳ ዕረፍት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ቢያዛውርላቸው ምን ይጎዳል? ጾመኛው ይህን ያህል ካፌዎችን ካስለወጠ ይህንንም ማስለወጥ አያቅተውም።

በዚያው ጾም፣ ከካፌው ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ዕለት አንድ ደብር አጠገብ ያለች ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ሾፌሮች፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ ሽማግሌ። ጠረጴዛ ላይ ግን ምንም የለም። ሹሮ አዘዝኩ። እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ በጾም ዘጠኝ ሳይሆን አላወጣም። መጠበቅ ከተቻለ ይጠበቅ፤ ካልሆነ ከማዶ ሌላ ቤት አለ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሽማግሌው መዝሙረ ዳዊታቸውን ያነባሉ። ሾፌሮቹ በዝቅታ ያወራሉ።

ቅዳሴው ሲያበቃ ደወሉ ተሰማ። እትዬ የመጀመሪያውን ድስት ከፈቱ። እንጀራ አንጥፈው ሹሮ አፈሰሱበት፣ ጎመን ጨመሩበት፣ ጠቀለሉትና ለልጃቸው ሰጧት። ልጅቱ በፌስታል ይዛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሮጠች። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ወሰደች። ከዚያ እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ እኛ ዞሩ።

«እሺ፣ ማን ነው ቀድሞ የመጣው?»